ድንበር ላይ የተተከለችው ኮክ

የንብ ድምፅ ሰማሁና ከመደቡ ብድግ አልሁ። ቀፎ ከቤቴ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ለካ ድምፁ የሚመጣው ከልጅ ልጄ ከሰርካለም ኮምፒውተር ኖሯል። እንደ ጡብ በተደራረበ ምድር ላይ ዛፍ የምታዳቅልበት ጨዋታ ነው፤ ንቧ ከአንዱ ዛፍ አበባ ዱቄቱን ይዛ ሌላው ላይ ታራግፍና ከሁለቱ አዲስ ችግኝ ይወጣል። «አባባ፣ ይህን ዛፍ እኮ እኔ ነኝ የፈጠርሁት» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድሁ።

አባቴም ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ይህንኑ ይሠራ ነበር። በበጋ፣ ኮክ ሲያብብ፣ ቀፎውን በሁለት ዛፎች መካከል ይሰቅል ነበር፤ የአንደኛዋ ፍሬ ትንሽ ሆኖ ማር ማር የሚል፣ የሌላዋ ጡጫ የሚያህል ሆኖ የሚኮመጥጥ። ንቦቹን በአዊኛ እያባበለ «ሽማግሌ ልኬያለሁ፤ ልጅቱን ይጠይቁልኝ» ይል ነበር፣ እናቴም «ጥሎሹስ?» ስትለው «ማሩ ምን ሊሆን ነው!» ብሎ ይስቅ ነበር።

ክረምት ሲገባ ከጣፋጯ ሥር ለቅመን እንበላና ዘሩን እንሰጠው ነበር፣ እሱም ጓሮ ይቀብረው ነበር። አብዛኛው የማይረባ ሆኖ ተነቀለ፤ አንዷ ግን ቅጠሏ ሰፊ፣ ግንዷ ቀጥ ያለ ነበረችና፣ በሚቀጥለው ክረምት አዛውሮ ከወንድሙ፣ ተገኘ ከሚባለው አጎቴ ማሳ ጋር በሚያዋስነን ድንበር ላይ ተከላት። «የሁለቱም ቤት ልጅ ይብላላት» አለ።

ድንበር ላይ ዛፍ መትከል በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ እንዴት ረሳው? መሬት ሊገፋ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን አይደል! አጎቴ አንድም ቀን ሳይጠይቅ፣ ቂሙን በሆዱ ይዞ ከረመና፣ ዛፏ ለመጀመሪያ ጊዜ ባበበችበት በጋ በመጥረቢያ ጣላት። ስንደርስ ንቦቹ የወደቀው አበባ ላይ ይተራመሱ ነበር።

«ዛሬ ኮክ፣ ነገ አጥር! የማላውቅህ መሰለህ?» አለው አባቴን።

«የልጆችህ ነበረች እኮ፣ ተጌ» አለው አባቴ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ድንበሩ በገመድ ተለካ፣ አጎቴ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ አባቴ ድንጋዩን ከአንገቱ አነሣለት፣ ተሳሳሙ፣ ጠላ ተጠጣ። ስለ መሬቱ ያልተባለ አልነበረም፤ ስለ ዛፏ አንድ ቃል የተነፈሰ ግን የለም። አባቴም ከዚያ ወዲያ ዘር አልቀበረም። ያን ቀን ተናድጄ ነበር፤ ሁለቱም ከተቀበሩ በኋላ፣ በዚህ ዕድሜዬም ንዴቱ አልወጣልኝም። ጣፋጭ ትሁን ኮምጣጣ እንኳ ሳንቀምሳት!

ይህን ለሰርካለም ነገርኋትና «ለመሆኑ ይህ ድንበር የለውም?» ብዬ ወደ ጨዋታው ጠቆምሁ።

«የምን ድንበር፣ አባባ! ቢሄዱ ቢሄዱ አያልቅም እኮ» ብላ ሳቀችብኝ።

ያኔ ልጅ ሊበላላት የተተከለች አንዲት ዛፍ ወንድማማች አጣልታ ነበር፤ ዛሬ በዚያው ድንበር ላይ ለከሰል የሚቆረጥ፣ ደከረንስ የሚሉት ዛፍ ግራና ቀኝ ተጠጋግቶ ቆሟል፣ እኔና የአጎቴ ልጆች አብረን ተከልነው፣ የተጣላም የለም።