ሁለት እንሁን ያሉኝ ሐጂ

ንጋት 11 ሰዓት፣ አዲስ አበባ

ድሬዳዋ የምሄደው አንድ ደብተር ለማየት ነው። ባለፈው ዓመት ኖቫ፣ ማለትም በድንገት ደምቆ የሚታይ ኮከብ፣ በማምሻው ምዕራብ ላይ ብቅ ብሎ ነበር። ዓለም አቀፉ መዝገብ አግኚው ብሎ የጻፈው አንድ የውጭ አገር ሰው ነው። በአንድ ቀን የቀደሙት ግን በድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ቅመም የሚነግዱት የማኅበራችን አባል ሐጂ ኢብራሂም ናቸው። የኮከብ ተመልካቾች ማኅበራችን ጸሐፊ ስለሆንኩ አጣርቶ ማስረጃ መላክ የእኔ ሥራ ነው። ዓመት ሙሉ ለምን እንደዘገየሁ ለራሴም መናገር ይከብደኛል።

6 ሰዓት ተኩል፣ ሂርና

ጨው የበዛበት ጥብስ በላሁ። ከሂርና አልፈን የደንገጎን ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ ሙቀት ስንወርድ ጃኬቴን፣ ቀጥሎም ሹራቤን አወለቅኩ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት «ገና ምን አየህና!» ብለው ሳቁብኝ።

10 ሰዓት፣ ቀፊራ

ባጃጁ የደቻቱን ወንዝ በድልድይ አሻግሮ ገበያው በር ላይ ጣለኝ። ሐጂ በእርድና በቁንዶ በርበሬ ጆንያዎች መሃል ተቀምጠዋል።

«ሐጂ፣ እርስዎን ለማየት ነበር የመጣሁት።»

«እርስዎ ምንድነው አቦ! ድሬ ነው ያለኸው፣ አንተ በለኝ።»

አልሆነልኝም። ሙሽበክ የሚሉትን ጣፋጭ አስመጡልኝና ጣቴ በስኳሩ እየተጣበቀ ደብተራቸውን ገለጥኩ። ሐጂ የሰፈሩ ጨረቃ ተመልካች ናቸው። በእስልምናው አቆጣጠር በየወሩ ሃያ ዘጠነኛው ቀን ሲመሽ ጣሪያ ላይ ወጥተው አዲሷን ጨረቃ ይፈልጋሉ፤ ቢያዩዋትም ሌላ ሰው አይቶ እስኪመሰክር አያውጁም። በየገጹ ያው መስጊድ፣ ያው ተራራ፣ የጨረቃዋም ቦታ በእርሳስ ተስሏል። ባለፈው ዓመት ገጽ ላይ ከጨረቃዋ አጠገብ አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ። ከሰማይ ካርታዬ ጋር አመሳከርኩት። ቦታው ልክ ነው፣ ቀኑም አንድ ቀን ይቀድማል።

«ያኔውኑ ለመዝገቡ ለምን አላሳወቁም?» አልኩ፣ መልሱን እያወቅኩ።

«ላንተ ደወልኩ አይደል? አንተም እይና ሁለት እንሁን፣ ከዚያ ላክ አልኩህ። ደመና ነው አልከኝ።»

ደመና አልነበረም። ኳስ እያየሁ ነበር፤ ከሶፋዬ ላለመነሣት ዋሸሁ። በማግስቱ ወሬው ከውጭ አገር መጣ። ይህን ሁሉ አንገቴን ደፍቼ ነገርኳቸው። ሐጂ ቁንዶ በርበሬውን ከእጅ ወደ እጅ ያገላብጡ ጀመር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መዝገቡ በእጅ የተሳለ ሥዕል ብቻውን እንደማይበቃው አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር አልኳቸው፤ አሁንም ያሳፍረኛል።

«እኔም በዚያ ምሽት አይቻለሁ ብዬ ልፈርም።»

«አላየህማ!» ድምፃቸው ጠነከረ። «ዋላሂ፣ ባላየኸው ከምትመሰክርልኝ ስሜ ይቅር።» ቆይተው ለስለስ አሉ። «ደብተሩን ፎቶ አንሳ። እሱን ላክ፣ በቃ።»

በማግስቱ፣ ቤቴ

መንገዱን ሁሉ ሳልተኛ መጣሁ። የተማርኩት ቀላል ነገር ነው፤ ሰው እይልኝ ሲል ተነሥቶ ማየት። እኔ ስለተማርኩ ግን የሐጂ ስም መዝገቡ ላይ አይወጣም።

ፎቶዎቹን አያያዝኩ። ቅጹ ላይ «በዕለቱ የተመለከተ ሁለተኛ ሰው» የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ ባዶ መተው ይቻላል። ስሜን ጻፍኩና ከጎኑ ጨመርኩበት፦ «ተጠርቶ ነበር፤ አልተነሣም።»