ሐብሐብ የመሰሉ ፊደላት

ሰው በጻፈው ፊደል ይደበደባል? እኔ ተርፌያለሁ። ዶካ ገበያ ውስጥ ታፔላ እጽፋለሁ። ፊደሌ እንደ ድሮ ቡና ቤት ጽሑፍ ወፍራምና ድቡልቡል ነው፤ ቀለሙንም ሦስት ጊዜ እደራርብበታለሁ። ሾፌሩ ኢድሪስ ስሙን በጭነት መኪናው ላይ ብጽፍለት፣ «ፊደል ጻፍ ብልህ ሐብሐብ ደረደርህብኝ!» ብሎኝ ሄደ።

ከወር በኋላ ዱላውን ይዞ፣ «ያ ጸሐፊ የታለ?» እያለ ሲጮህ ሰማሁ። ሮጬ ከሰሊጥ ጆንያ ኋላ ተወሸቅሁ። አገኘኝ። እጁን ሲዘረጋ ዓይኔን ጨፈንሁ፤ እሱ ግን አቅፎ ግንባሬን ሳመኝ።

«ሌቦች መኪናዬን ወስደው ሌላ ቀለም ቀቧት» አለኝ። «ወላሂ፣ ሐብሐቦችህ ከአዲሱ ቀለም ስር እንዳበጡ ነበሩ! በፖሊሱ ፊት ስሜን በጣቴ ዳስሼ አስመለስኋት። አሁን በሌላውም ጎን ጻፍልኝ፤ ግን ከእነዚህ ይወፍሩ።»