ከእጄ እንዳይበላ

ውሻ ሊወስድ ወደ ግቢያችን የሚመጣ ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ አጥንት ይዞ ይመጣ ነበር። ሰላምታ ተለዋውጦ፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ አውርቶ ሲያበቃ፣ ዓይኑ ያረፈበት ውሻ ፊት አጥንቷን ጣል ያደርጋል። ውሻው ዘሎ ከቀለባት አለቀለት። «ይኸስ ሌባ የጣለለትን በልቶ በሬዬን የሚያስረክብ ነው» ይልና ወደ ሌላው ያልፋል። በእኛ አገር ሌባ ወደ በረት ከመጠጋቱ በፊት መርዝ ያለበት ሥጋ ይወረውራል። ስለዚህ ገበሬ የሚፈልገው ከባዕድ እጅ የማይበላ ውሻ ነው። ጭራውን ለመጣው ሁሉ የሚቆላ፣ የሁሉን እጅ የሚልስ ውሻ ፈላጊ የለውም።

ቡላው ደግሞ እንዲያ ያለ ውሻ ነበር። ስም አላወጣሁለትም፤ ስም የሚያወጣው የሚወስደው ሰው ነውና በመልኩ ቡላው እለው ነበር። ያገኘነው በዳባት በኩል፣ ሰዎቹ በጦርነቱ ጊዜ ሸሽተው ካልተመለሱበት ቤት ደጃፍ ላይ ነው። የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል። በዚያ ሁሉ ረሃብ የተማረው አንድ ነገር ቢኖር የተዘረጋ እጅ እንዳያመልጠው ነው። ማንም ቁራሽ ይዞ ጎንበስ ካለ ወገቡ እስኪጣመም ጭራውን እየቆላ ይሄዳል።

ግቢው ከደባርቅ ወጣ እንዳሉ፣ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ዳር በቆርቆሮ የታጠረ ነው። እኔ እዚያ የገባሁት ምግብ አብሳይ ሆኜ ነው። ቀድሞ ተራራው ላይ፣ ጨነቅ ካምፕ ለቱሪስት አበስል ነበር፤ ቱሪስቱ ሲቀር፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ለውሾች ማብሰል ያዝኩ። ጎረቤቶቼ «ዛሬ እንግዶችሽ ምን አዘዙ?» እያሉ ይሥቁብኛል። «ከእናንተ ይልቅ የበሉበትን ቤት ያውቃሉ» እላቸዋለሁ። ምላሴ ድሮም አያርፍም።

ግቢውን የሚመራው ከሌላ ከተማ የመጣ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነው። የመንገድ ውሾችን እየሰበሰበ ይከትባል፤ በሽታቸው ተራራው ላይ ላለው ቀይ ቀበሮ እንዳይተርፍ ነው። የተከተበው ወሳጅ ካገኘ ይሄዳል። ካላገኘ ለሌላው ቦታ መልቀቅ አለበት፤ ተመልሶ ወደ መንገድ ነው። መንገዱ ላይ የሚጠብቀውን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ባለቤት አልባ ውሻ ሲበዛ መርዝ ያለበት ሥጋ በየጥጋጥጉ ይጣላል፤ ጠዋት አስፋልቱ ዳር ተዘርረው እናያቸዋለን። ሰዎች እየመጡ ቡላውን አይተው ሲተዉት፣ ሐኪሙ አንድ ቀን ማድ ቤት ድረስ መጥቶ «እትዬ፣ ለዚህኛው ሰው ካልተገኘለት ከክረምት በፊት እንለቀዋለን» አለኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዬን አስቀመጥኩ። ያ ለተጣለለት ሁሉ አፉን የሚከፍት ውሻ መንገድ ላይ አንድ ሳምንት እንኳ እንደማይቆይ እኔም እሱም እናውቀዋለን።

ማስተማሩን እኔ ልያዘው አልኩ። ሌላ ጥበብ የለኝም፤ ያለኝ የወጥ ቤት ሴት ጥበብ ነው። ትንሽ ሥጋ እሰነጥቅና ሚጥሚጣ እጨምርበታለሁ። ከዚያ ያገኘሁትን ሰው፣ ዘበኛውን፣ ጎረቤቴን፣ በደጅ የሚያልፉትን በቅሎ ነጂዎች፣ እስቲ ለዚህ ውሻ ስጡልኝ እላለሁ። ቡላው ደስ ብሎት ይጎርሳል። ወዲያው ያነጥሰዋል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ አፉን መሬት ላይ ይጠርጋል። ያኔ እኔ እጠራዋለሁ። እየሮጠ ይመጣል። «ብላ» እልና ንጹሑን ሥጋ በእጄ አጎርሰዋለሁ። የተቃጠለ አፉን መዳፌ ውስጥ ወሽቆ ሲበላ የትንፋሹ ሙቀት ይሰማኛል።

ሥራው ደስ አይልም ነበር። አንዷ ጎረቤቴ «ምነው አንቺ፣ በእኔ እጅ ግፍ ታሠሪኛለሽ!» ብላ ሥጋውን መልሳልኛለች። እውነቷን ነው። ያ ውሻ ሰው ሁሉ ደግ ነው ብሎ የሚያምን ፍጥረት ነበር፤ እኔ ደግሞ አይደለም ብዬ አስተማርኩት። ዐቢይ ጾም ገብቶ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ በቂጣ ቀጠልን። እንደ ባለቤቶቹ የደባርቅ ውሻም ይጾማል። ፋሲካ ሲደርስ ቡላው የሰው እጅ ሲዘረጋለት አንገቱን ወደ ጎን ማዞር ለምዶ ነበር። ጭራውን ግን መቁላቱን አልተወም፤ እሱን ማንም ሊያስተወው አልቻለም።

ከፋሲካ በኋላ ከጃናሞራ በኩል አንድ ሽማግሌ መጡ። ገብስ አራሽ ናቸው፤ ሚስታቸው አርፈዋል፣ ልጆቻቸው ከተማ ገብተዋል፣ ከጥቂት በጎች ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። እሳቸውም ጋቢያቸው ሥር አጥንት ይዘው ነበር። ቡላው ፊት ጣሉለት። አሸተተውና ፊቱን አዞረ። አንሥተው ወደ አፉ አስጠጉለት። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለና ጭራውን ቆላላቸው።

«እሰይ! እሰይ የኔ አንበሳ!» አሉ፤ ከዚያ ዞር ብለው «ይኸን ያስተማርሽው አንቺ ነሽ ልጄ?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ።»

«እግዜር ይስጥሽ። እኔም ደግ ውሻ ነበረኝ፤ ደግነቱ ገደለው። የጣሉለትን በላ፣ በጎቼንም በዚያው ሌሊት ነዷቸው።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ለበጎቹ ግን አልመሰለኝም።

ዘመድ ቤት አርፈው በየማለዳው ይመጡ ጀመር። እኔ አጠገባቸው እቆማለሁ፤ እሳቸው ይዘረጉና «ብላ» ይላሉ። መጀመሪያ ቡላው ወደ እኔ ያያል። ራሴን ስነቀንቅለት ይበላል። እንዲያ እያለ አንድ ጠዋት ወደ እኔ ሳያይ በላ። ሽማግሌው ሣቁ፣ እኔም ሣቅሁ። ውስጤ ግን ቅር አለው።

ሐኪሙ የዚያኑ ቀን «አንድ ነገር ይቀረናል» አለኝ። ምን እንደሆነ ሳይነግረኝ አወቅሁት። ከቡላው በፊት ለአንድ ገበሬ የሰጠናት ጥቁር ውሻ ነበረችን። ቤቱ ተመችቷት ሳለ እኔን ፍለጋ ገመዷን በጥሳ ተመለሰች። ያን ሁሉ ገደል ወጥታ፣ ያን ሁሉ መንገድ ሄዳ ከተማው ደረሰች፤ ግቢው ግን አልደረሰችም። ከድልድዩ አጠገብ፣ አፏ ዐረፋ ደፍቆ አገኘናት። በእጄ የቀበርኳት እኔ ነኝ።

«እዚህ የሚመለስበት ነገር እንደሌለው ይወቅ፤ ካንቺም እጅ እንዳይበላ አድርጊው» አለ ሐኪሙ።

«አንተ አድርገው!» ብዬ ጮኽኩበት።

«ከኔማ ድሮስ መች ይበላል፤ መርፌ እወጋዋለሁ» አለ። ሊያሥቀኝ ፈልጎ ነው። ሣቅ ከየት ይምጣ!

በማግስቱ ማለዳ ለስላሳውን ሥጋ መርጬ ቆረጥኩ። ሚጥሚጣውን ከወትሮው አበዛሁት፤ ሁለተኛ እንዳልደግመው ብዬ ነው። ሽማግሌው ገመዱን ይዘው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ቡላው ገና ሲያየኝ እየዘለለ መጣ። ጎንበስ አልኩና «ብላ» አልኩት። የሌላውን ሰው እጅ አሥር ጊዜ የሚያሸት ውሻ የእኔን ሳያሸት ጎረሰ።

አነጠሰው። አፉን መሬት ላይ ጠረገ፣ ዓይኑ በእንባ ሞላ። ከዚያ እንደለመደው እየሮጠ ወደ እኔ መጣ። ሌላው ሲያቃጥለው ንጹሑ ያለው እኔ ዘንድ ነበራ! አፍንጫውን መዳፌ ውስጥ ወሸቀ፤ መዳፌ ባዶ ነው። ሌላኛውን እጄን ፈለገ፤ እሱም ባዶ ነው። ቀና ብሎ አየኝ። አንጀቴን በላው። እቅፍ አድርጌ ወደ ውኃው ልወስደው ስል ሽማግሌው «ተይው ልጄ» አሉ። ቀስ ብለው ተጠጉና ከጋቢያቸው ሥር ቁራሽ አውጥተው «ብላ» አሉት። ከእኔ ወደ እሳቸው እስኪዞር ጊዜ ወሰደበት። በላ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ማድ ቤት ገባሁ፤ ሲወጡ አላየሁም።

ክረምቱን በሙሉ ጆሮዬ አጥሩ ላይ ነበር። ነፋስ ቆርቆሮውን ባንኳኳ ቁጥር መጣ እላለሁ። እንዲመጣ እየተመኘሁ እንዳይመጣ እጸልይ ነበር። አልመጣም። ዝናቡ እስኪያባራ አስፋልቱን ይዤ ስሄድ የመንገዱን ዳር ሳላይ ማለፍ አልቻልኩም፤ ቡላ መልክ ያለው ነገር ባየሁ ቁጥር ጠጋ ብዬ አያለሁ። የእህል ጆንያ ይሆናል፣ ድንጋይ ይሆናል። እሱ ሆኖ አያውቅም።

መስቀል ካለፈ በኋላ በገበያ ቀን አየኋቸው። ሽማግሌው ገብስ የጫነች አህያ ይነዳሉ፤ ቡላው ከኋላ ከኋላ ይከተላል። ወፍሯል። ፀጉሩ ያበራል። እንዴት ሰነበቱ ተባባልን።

«አንድ በግ አልጎደለብኝ፤ ቀን እረኛዬ፣ ማታ ዘበኛዬ ነው» አሉ። ቡላው ቀሚሴን አሸተተ። አንዴ ጭራውን ቆላ፤ ቆም አለና እንደገና ቆላ። አወቀኝ።

ዘንቢሌ ውስጥ ትኩስ ዳቦ ነበረኝ። ማድረግ እንደሌለብኝ አውቃለሁ፤ ግን እጄን ማን ይያዘው! ቆርሼ ዘረጋሁለትና «ብላ» አልኩት። ዳቦውን አየው። ለሐጩ ተንጠባጠበ። ከዚያ አንገቱን ወደ ጎን አዞረ፤ ልክ እንዳስተማርኩት።

«አየሽልኝ! ካንቺ እንኳ!» አሉ ሽማግሌው በኩራት። ወዲያው ፊቴን አዩ። ዳቦውን ከእጄ ወሰዱ፤ ጎንበስ ብለው ዘረጉለት። «ብላ።»

ቡላው ፍርፋሪ ሳይተው በላ።

«ያንቺን ነው የበላው» አሉኝ፣ እጃቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ። «አይክፋሽ ልጄ።»

«ምን ይከፋኛል አባቴ» አልኩ። «በሕይወት አለ።»

አህያዋን ነዱና ወደ እህል ተራው አቀኑ። ቡላው ተከተላቸው። የቀረውን ዳቦ እንደያዝኩ ሰው እየገፋኝ ቆምኩ፤ ዞር ብሎ እንዳያይ ፈራሁ፤ ዞር ብሎም አላየ።