ያላለፍናት ገጽ

የያዙኝ ፒያሳ፣ አሮጌ መጽሐፍ ገዝቼ ወደ ታክሲ ስወርድ ነው። ሁለት ፖሊሶች ነበሩ፤ ሁለቱም ሲቪል ለብሰዋል። አንደኛው በትሕትና "አንዴ እንፈልግህ ነበር" አለኝ፤ ትሕትናው ከዱላ ይልቅ አስፈራኝ።

ያስገቡኝ የእስር ክፍል እርጥብ ብርድ ልብስና በረኪና ይሸታል። ፈታሹ መጽሐፉን አገላብጦ ፖለቲካ አለመሆኑን ሲያይ መለሰልኝ። የቆየ ልብ ወለድ ነበር። ሰው ቡናውን ካልጠጣ ራሱን እንደሚያመው፣ እኔን የድሮ ልብ ወለድ ሳላነብ ከዋልኩ ያመኛል። እዚያም ልማዴን ቀጠልኩ።

ከጎኔ የሚተኙት፣ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ የፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነበሩ። መነጽራቸውን ሲገቡ ስለተቀሙ ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ለመኑኝ። ውሎ አድሮ ክፍሉ በሙሉ አድማጭ ሆነ። ሕግም አወጣን፤ አንድ ሰው ለምርመራ ከተጠራ እስኪመለስ ንባብ ይቆማል። ታሪኩ እንዳያመልጠው ነው እንል ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የሁላችንም ጆሮ ኮሪደሩ ላይ ስለሚሆን የሚሰማ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ በልብ ወለዱ ውስጥ ሚስትየዋ ለባሏ ምስጢሯን ልትነግረው ስትል፣ ጋሼ ተጠሩ። መሸ፤ አልመጡም። ነጋ፤ አልመጡም። ያስቀመጥንላቸውን ምግብ የሚነካ ጠፋ።

"ቀጥል በቃ፤ ጭንቀት ሊገድለን ነው" አለ አንዱ።

መጽሐፉን ከፈትኩ። ጣቴ ገጹን መግለጥ እምቢ አለኝ። ካለፍን፣ አይመለሱም ብለን የፈረምን መሰለኝ። መልሼ ዘጋሁት። ማንም አልተቆጣኝም።

በማግስቱ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ኮሪደሩ ላይ ጋሼ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባላቸውም። እዚያ መነጋገር ክልክል ነው። አጠገባቸው ስደርስ ቀና አሉ።

"ልጄ፣ ጥላችሁኝ አለፋችሁ እንዴ?"

ፖሊሱ ክንዴን ጨመቀው። ከመለስኩ እንደምመታ አውቃለሁ፤ ፈርቼም ነበር። ቆምኩና ክፍል ውስጥ በማነብበት ድምፅ መለስኩላቸው።

"አላለፍንም ጋሼ። እርስዎን እየጠበቅን ነው።"

ለዚያች መልስ የተቀበልኩትን እዚህ አልጽፍም።

ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ስፈታ ላፈላልጋቸው ፒያሳ ሄድኩ። ወርቅ ቤታቸው የነበረበት ሰፈር ፈርሶ ሰፊ መንገድ ሆኗል፤ ወዴት እንደሄዱ የሚነግረኝ አጣሁ። ዛሬም የድሮ ልብ ወለድ ሳላነብ አልውልም። ያንን መጽሐፍ ግን አንዳንድ ቀን አወጣውና እዚያው ቦታ ላይ ስከፍተው፣ ጣቴ ያኔ እንዳደረገው ያደርጋል። ሚስትየዋ ምን እንዳለችው እስካሁን አላውቅም። አሁን የሚከለክለኝ የለም፤ ብገልጠው ግን ጋሼን እዚያ ኮሪደር ላይ ጥያቸው የምሄድ እየመሰለኝ እፈራለሁ።