ልለቅ በሄድኩ ቁጥር ሹመት

ይህ ነገር ለመጻፍ ይበቃል ወይ ብዬ ደጋግሜ አሰብኩ። ማንም አልተጎዳበትም፤ ፖሊስም አልተጠራበትም። የሆነው በዚህ ዓመት፣ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት የመጀመሪያ ዓመት ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ባስ ውስጥ ብቻዬን ስለሚያስቀኝ ልጻፈው።

የምማረው መምህርነት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቶተንሃም በሚባል ሰፈር በሚገኝ አዳራሽ ለሐበሻ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ኃላፊያችን ጋሽ ተፈራ ናቸው። አገር ቤት መምህር ነበሩ። እዚህ በሥራ ቀን ባስ ይነዳሉ፣ ቅዳሜ ግን ከረባት አስረው ይመጣሉ።

ችግሬ ሶልያና ነበረች። ሰባት ዓመቷ ነው። በአማርኛ ምን ብጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ያውም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ተማሪው ይለወጣል ብሎ የሚያምን መምህር ሥራው ትርጉም ይሰጠዋል ተብለን ተምረናል። እኔም አምኜ በሁለት ቀለም አስምሬበታለሁ። ሶልያና ፊት ስቆም ግን እምነቴ እስከ ምሳ ሰዓት እንኳን አይደርስም ነበር።

ከወራት በኋላ ድካሜ ሁሉ ከንቱ መሰለኝ። ለመልቀቅ ወሰንኩ። የዩኒቨርሲቲውንም ትምህርት ለመቀየር እያሰብኩ ነበር፤ አንዲት ሕፃን ካቃተችኝ፣ ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት ቆሜ ምን ልሠራ ነው?

መልቀቁ ግን ቀላል አልሆነም። “ጋሽ ተፈራ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር” ስላቸው፣ “እኔም ልነግርሽ ነበር! ከዛሬ ጀምሮ የትንንሾቹ ክፍል ኃላፊ ነሽ” አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ሌላ ቅዳሜ ስሞክር የመጻሕፍቱን ቁምሳጥን ቁልፍ ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ምክትል ርዕሰ መምህር ሆንኩ።

እናቴ ይህን ስትሰማ “አንድ ጊዜ ደግመሽ ልልቀቅ ካልሽ አምባሳደር ያደርጉሻል” አለችኝ።

አንድ ቀን ጋሽ ተፈራን፣ ሶልያና ምንም እንደማትማር እያዩ እንዴት እንደማይሰለቻቸው ጠየቅኳቸው።

“ባስ ስነዳ የተሳፈረውን ሁሉ የት ትወርዳለህ እላለሁ እንዴ?” አሉኝ። “እኔ እነዳለሁ፤ እሱ ሲደርስ ደወሉን ይጫናል።”

በመጨረሻው ሙከራዬ ቀን ባቡር ተቋርጦ አረፈድኩ። መንገድ ላይ የምናገረውን በቃሌ ስለማመድ ነበር። ስደርስ ጋሽ ተፈራ ክፍሌ በር ላይ ጆሯቸውን ደቅነው ቆመዋል። ዝም እንድል በጣታቸው ምልክት ሰጡኝ። ከውስጥ የልጅ ድምፅ ይሰማል።

“ልጆች፣ ይቅርታ፣ ካላስቸገርኳችሁ ቁጭ በሉ። ናቲ፣ አንተም ካላስቸገርኩህ። በጣም ጎበዝ! ይቅርታ፣ አሁን ተከተሉኝ፦ ሀ፣ ሁ፣ ሂ...”

በበሩ ክፍተት አየሁ። ሶልያና ናት! ማርከሬን ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆማለች። መነጽር ሳይኖራት፣ እንደ እኔ በየመሐሉ የሌለውን መነጽር በጣቷ ወደ ላይ ትገፋለች።

አማርኛዋ ጥርት ያለ ነበር። ይቅርታው ግን የኔ ነው። ሳስተምር ይህን ያህል ይቅርታ እንደምጠይቅ እስከዚያች ደቂቃ አላውቅም ነበር።

ጋሽ ተፈራ ሳቃቸውን አፍነው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ “ዛሬስ ምን ልትነግሪኝ ነበር?” አሉኝ።

“ምንም። ይቅርታ፣ ባቡሩ ነው ያዘገየኝ።”

“እግዜር ይስጥሽ! ከምክትል በላይ የቀረው የኔ ወንበር ብቻ ነው፤ ዛሬ ምን ልሰጣት ነው ብዬ ጨንቆኝ ነበር።”

ለካ ከመጀመሪያው ያውቁ ኖሯል።

ስገባ ሶልያና ደንግጣ ማርከሩን መለሰችልኝ። “ሶሪ፣ ሚስ” አለችኝ።

ዛሬም በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ድሮ ይከፋኝ ነበር፤ አሁን በሆዴ እስቃለሁ። መስኮቱን እያየችም እንደምትሰማኝ ስለማውቅ ይቅርታውን ለመቀነስ እየሞከርኩ ነው። ትምህርቴንም አልቀየርኩም። ልለቅ ብዬ ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩት በመጋቢት ወር የመጨረሻው ቅዳሜ ነበር።