ሲጨምሩለት የሚቀንስ ዳዮድ

በ1988 ዓ.ም. አርባ ሰባት ዓመቴ ነበር። ካዛንቺስ ከአንድ ቡና ቤት ጎን ራዲዮ እጠግን ነበር። ትምህርቴ ፊደል ከመለየት አያልፍም፤ እጄ ግን ያውቃል። አንድ ሕግ ነበረኝ፤ የሞተ ዕቃ ሳገኝ ባለቤቱ እያየ በፒንሳ እጨፈልቀዋለሁ። አለዚያ ለገሃር ወስደው ለሌላው ደህና ነው ብለው ይሸጡታላ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ቀጭን መምህር መጣ። ምስር የምታክል ዳዮድ፣ ኤሌክትሪክ የምታሳልፍ የራዲዮ ዕቃ፣ ይዟል። በማግስቱ ሦስት ሰዓት ኡራኤል አጠገብ ያለ መሥሪያ ቤት በእሷ የሚሠራ መሣሪያ አሳይቶ ሊቀጠር ነው። ሌላ ዳዮድ የለውም።

"ጋሼ፣ የኔ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ እርስዎ መሣሪያው ላይ ይበይዱልኝ" አለኝ።

እኔ ሳልፈትሽ አልበይድም። ኃይል ቀስ እያልኩ ጨመርኩላት፤ የመለኪያው፣ የቴስተሩ፣ መርፌ ወጣ። ደግሞ ጨመርኩ፤ ወረደ።

"ሞታለች" አልኩት።

"ኧረ አልሞተችም ጋሼ! ሥራዋ እኮ ነው። ኤሌክትሪኩ የማያልፈውን ግድግዳ ሰርስሮ ያልፋል፤ ሲጨምሩለት መንገዱ ይጠፋውና ይቀንሳል። አሁንም ቢጨምሩ ተመልሶ ይወጣል።"

ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። "የኔ ሚስት ናታ! ብር በጨመርኩላት ቁጥር ወጧ ይቀጥናል!" አለ። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

"አንተ፣ እኔን ልታስተምር ነው የመጣኸው?" አልኩት መምህሩን።

መምህሩ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። መስመር ተስሎበታል፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ኃይሉን ትንሽ አከልኩበት። መርፌው ወጣ፤ ልክ እንደ ወረቀቱ። ገባኝ። ዛሬ አልዋሽም፣ በቃ ያኔውኑ ገብቶኛል። ግን ፀጉር አስተካካዩ አፍ አፌን ያየኛል። ፒንሳውን አነሳሁና ጨፈለቅኋት።

መምህሩ ፍርፋሪዋን ለቅሞ በወረቀቱ ጠቀለላት።

"እንግዲያው ነገ አብረውኝ ይሂዱና ትሠራ ነበር፣ እኔ ነኝ የሰበርኳት ይበሉልኝ። ሌላ ምንም አልልዎትም። ጠዋት መጥቼ እጠራዎታለሁ።"

"ና" አልኩት፣ እንዲሄድልኝ ብዬ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጥቶ አንኳኳ። "ጋሼ፣ ጋሼ" ይላል። ውስጥ ነበርኩ። ሦስት ሰዓት እስኪያልፍ በሩን እንደቀረቀርኩ የሰው ራዲዮ ስበይድ ቆየሁ።