ሐሙስ ሲቀር

ባሌ ስም አይይዝም። አይይዝም ስል ትንሽ ይረሳል ማለቴ አይደለም፤ ወንፊት ነው። በሠርጋችን ቀን እናቴን በአክስቴ ስም ጠርቶ፣ አክስቴን ደግሞ «እርስዎስ ማን ነበሩ?» ብሎ የሁለት ቤት ኩርፊያ አትርፎልኛል። ራስ ግን አይረሳም። አንድ ጊዜ ቶንዶሱን ያሳረፈበትን ጭንቅላት ከስንት ዘመን በኋላ መንገድ ላይ ከኋላው አይቶ ይለየዋል። ለፀጉር አስተካካይ ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልገዋል ትሉ ይሆናል። እሱም የሚለው እንዲሁ ነው።

ሱቃችን አንድ ሆና ለሁለት የተከፈለች ናት። ከበሩ በስተቀኝ የሱ ወንበርና መስታወት፣ በስተግራ መስኮቱ ሥር የኔ የስፌት መኪና። እሱ ይላጫል፣ እኔ እሰፋለሁ፤ የሱ ፀጉር ወደኔ ጨርቅ፣ የኔ ክር ወደሱ ወንበር እየሄደ ስንጨቃጨቅ ይመሽልናል። ከሱቁ ኋላ ባለችው ክፍል እንኖራለን።

ወንበሩ አንድ ብቻ ስለሆነ ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ደንበኛው ተደራርቦ «እኔ ነኝ ቀዳሚ፣ አይ እኔ ነኝ» እየተባባለ ይናቆር ነበር። ባሌ አንድ ቀን ተናደደና ለቋሚ ደንበኞቹ ለእያንዳንዳቸው ቀን ደለደለላቸው። ጠዋት በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀመጠው የቀኑ ባለቤት ነው። ከስማቸውም በዚያው ተገላገለ፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሮብ እያለ እስከ ቅዳሜ ጠራቸው።

ጋሽ ሰኞ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ቀናቸውን ሊመስሉ ብለው ይሁን እንጃ፣ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ማክሰኞ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ከቅንድቡ ላይ ዱቄት አይጠፋም። ሮብ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ዓርብ የትምህርት ቤት ዘበኛ። ቅዳሜ ገና ጢሙ በወጉ ያልበቀለ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የሚላጨውም ለራሱ ሳይሆን ለእጮኛው ነው። እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። በምን ይገናኙና! ቀናቸው ለየብቻ ነው።

«እሺ፣ እኔስ ማን ነኝ?» አልኩት አንድ ቀን።

«አንቺማ ሳምንቱን ሙሉ ነሽ» አለኝ፣ ያሞገሰኝ መስሎት።

«ይሄ ፍቅር ነው ወይስ የሥራ ድልድል?» አልኩት። እሁድ ሱቁ ዝግ ስለሆነ የእሁድን ስም የወሰደ ሰው የለም። እሁድ እኔ የሱቁን ፎጣ የማጥብበት ቀን ነው።

ሐሙስን የዘለልኳቸው ያለ ነገር አይደለም። ጋሽ ሐሙስ ቀጠን ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ መጽሐፍ ሲጠርዙ እንደኖሩ ነግረውናል፣ ከዚያ ወዲያ ስለራሳቸው ትንፍሽ አይሉም። ገብተው ግራጫ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ ከመቀመጣቸው በፊት ወንበሩን በመሐረባቸው ያራግፋሉ። ባሌ አሁን የጠረገውን ወንበር! ተላጭተው ሲያበቁም አይሄዱም። እኔ ጋ መጥተው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ስፌቴን ያያሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ይተረተራል» ይሉኛል። መጽሐፍም በክር ይሰፋል አይደል፣ ስለዚህ የክር ሊቅ ናቸው።

«አባባ፣ እርስዎ የሰፉት ወረቀት ነው። ወረቀት አይቀመጥ፣ አይነሳ፣ አይወፍር!» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እሳቸው ሲወጡ እኔ ማንም ሳያየኝ ያንን ስፌት ፈትቼ እንደገና እሰፋዋለሁ። ይተረተር ነበራ!

አንድ ሐሙስ ቀሩ። ባሌ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ በሩ ላይ ቆመ፤ ሌላ ሰው ሲመጣ «ትንሽ ታገስ፣ ባለቤቱ እየመጡ ነው» እያለ ወንበሩን ጦም አዋለው። በሚቀጥለው ሐሙስም ቀሩ። ያን ቀን ባሌ ምሳ አልበላም።

«ታመው ይሆናል፤ ሄደን እንጠይቃቸው» አልኩ።

«እንሂድ» አለ። ግን የት ነው የምንሄደው?

«ስማቸው ማን ነው?» አለኝ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«ሱሪ ሰጥተውሽ የለም እንዴ? ምን ብለሽ ጻፍሽበት?»

ሱሪው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ጫፉን አሳጥሪልኝ ብለው የሰጡኝ ነው። ወገቡ ላይ በገዛ እጄ በጠመኔ የጻፍኩት «ሐሙስ» ይላል። ይህን ሁሉ ዓመት አገጫቸውን በእጃችን ይዘን ስንኖር ቤታቸውን አናውቅ፣ ልጅ ይኑራቸው አይኑራቸው አናውቅ፣ ስማቸውን አናውቅ። አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ወድቀው ቢሆንስ? ማን ብለን ነው የምንፈልጋቸው?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይመረመር ጀመር። «አናታቸው ላይ ሁለት ሽክርክሪት አላቸው፣ ከግራ ጆሯቸው ኋላ ትንሽ ጠባሳ» ይላል ባሌ። የሮብ ተራ ሲደርስ ሾፌሩ ከት ብሎ ሳቀ።

«ወንድሜ፣ ሰው በማጅራቱ ይፈለጋል እንዴ? እኔ ተሳፋሪ የማየው በስፖኪዮ ነው። ፊታቸውን ንገረኝ!»

ባሌ ፊት መግለጽ አያውቅበትም። እኔ ከመኪናዬ ላይ ሆኜ ጣልቃ ገባሁ፤ «ግራጫ ባርኔጣ ያደርጋሉ። ከመቀመጣቸው በፊት ወንበሩን በመሐረብ ያራግፋሉ።»

ሮብ ከነሳሙናው ብድግ አለ። «እንዴ! እኚያ ሽማግሌ? አውቶቡሴን በሰው ፊት ቆሻሻ የሚያስመስሉብኝ? ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ከጡብ ፋብሪካው ፌርማታ ነው የሚሳፈሩት!» ከዚያ ድምፁ ቀነሰ። «ቆይ እስቲ... ሰሞኑን አላየኋቸውም።»

በማግስቱ ሱቁን ዘግተን በሱ አውቶቡስ ሄድን። ባሌ ሐሙስ ነው ብሎ ምላጩንና ሳሙናውን በኪሱ ይዟል። ፌርማታው አጠገብ ሱቅ ያላት ሴት «ማንን ነው የምትፈልጉት?» አለችን።

«ሐሙስን» አለ ባሌ።

«ቀኑን አይደለም የጠየቅኳችሁ።»

እጅጌውን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኩትና ስለ ባርኔጣው እኔ ነገርኳት። «መጽሐፍ ጠራዡን ነዋ! ወይኔ፣ ሰው ነበራቸው ለካ! ደረጃ ላይ ወድቀው ሆስፒታል ከገቡ ሰነበቱ። አከራያቸው ናት ያደረሰቻቸው፤ ዘመድ ብሎ የመጣ የለም» አለች።

ሆስፒታል ደግሞ ሲስተሯ በሩ ላይ አቆመችን። «ምናቸው ናችሁ?»

«ፀጉር አስተካካያቸው ነኝ» አለ ባሌ ኮራ ብሎ።

ከላይ እስከ ታች አየችው። «ግቡ፤ ጠያቂ ከተገኘላቸውማ ጥሩ ነው። ግን ትንሽ ያቃዣቸዋል መሰለኝ። ‹ሐሙስ አይመጣም ብላችሁ ንገሩልኝ› ይሉናል።»

«እሳቸው ጤነኛ ናቸው» አልኳት። «እብዱ ይሄ ነው» ብዬ ባሌን አሳየኋት።

ጢማቸው ፊታቸውን ውጦታል፣ ትከሻቸው ከብርድ ልብሱ ላይ ወጥቶ አጥንት ሆኗል። አንጀቴን በሉት። ባሌን አየት አደረጉና ወዲያው ወደኔ ዞረው «ሱሪዬን ሰፋሽው?» አሉኝ።

«ሰፍቻለሁ አባባ። አይተረተርም» አልኩ ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻቸው እየሳብኩ።

ባሌ እዚያው አልጋቸው ላይ ሲላጫቸው ሐኪሙ መጣ፤ ወጣት፣ ጥሩ ልጅ። የተሰበረው የእግራቸው አጥንት እየገጠመ ነው፣ በቅርቡ ከዚህ ይወጣሉ አለን። ችግሩ ብቻቸውን መሆናቸው ነው። በእግራቸው እስኪቆሙ ድረስ በየቀኑ የሚያነሳቸው፣ የሚያራምዳቸው ሰው ያሻቸዋል፤ ሰው ከሌለ ከከተማ ውጭ ወዳለው የአረጋውያን መጦሪያ ይላካሉ።

ጋሽ ሐሙስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እዚያ የገባ ጓደኛ ነበረኝ» አሉ።

ባሌ ምላጩን አስቀመጠ። «ሰው አላቸው» አለ።

«ማን?» አለ ሐኪሙ። «ለምሳሌ ሰኞ ማን አብሯቸው ይውላል?»

«ሰኞ።»

«አዎ፣ ሰኞ።»

«አዎ፣ ሰኞ ራሳቸው!»

«ማክሰኞስ?»

«ማክሰኞ።»

ሐኪሙ ግራ ገብቶት ወደኔ ዞረ። እኔ እጄን አፌ ላይ ጭኛለሁ፤ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ይሄ ሰውዬ ማንንም ሳያማክር በአምስት ሰው ስም ቃል እየገባ ነው! ሐሙስን ለራሱ ወሰደ። ለሐኪሙ የደንበኞቹን ነገር ሳስረዳው ስቆ ሊሞት ደረሰ። ከዚያ «እሁድስ?» አለ።

ባሌ አየኝ።

«አትየኝ» አልኩት። አሁንም ያየኛል። «ፎጣውን ማን ሊያጥብ ነው?»

«እኔ» አለ።

ይህን ቃል ለመስማት ለካ የሰው እግር መሰበር ነበረበት!

ቃል መግባት ቀላል ነው፤ ጭንቁ ባለቀኖቹን ማሳመኑ ነበር። እነሱ እምቢ ካሉ ሽማግሌው መጦሪያ መግባታቸው ነው። ባሌ ከጋሽ ሰኞ ጀመረ። ጢማቸውን ግማሹን ላጭቶ ቆመና ነገራቸው።

«የማላውቀውን ሰው?» አሉ። «በዓይኔ አይቼው የማላውቀውን?»

«እንዴት አያውቋቸውም?» አለ ባሌ፣ እውነትም ተቆጥቶ። «ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ስትቀመጡ! እርስዎ ሰኞ ራስዎን የሚያስደግፉበት ላይ እሳቸው ሐሙስ ያስደግፉበታል። ከዚህ በላይ መተዋወቅ ምን አለ?»

ጋሽ ሰኞ በመስታወቱ ራሳቸውን አዩ። ግማሽ ጢም የያዘ ሰው ብዙ አይከራከርም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ጥቂት አሰቡ። «እኛ ግን ሰባት ነን። ሰባት ሰባት ሎሚ ደርሶን አንድ ይተርፋል።»

«የተረፈችው ለታማሚው!» አልኩ ከመኪናዬ።

ጋሽ ሰኞ ሳቁ። ሰኞ ሲስቅ አየሁ!

ሌሎቹ አላስቸገሩም፤ ጋሽ ሐሙስም ከሆስፒታል ወጥተው ወደ ኪራይ ቤታቸው ተመለሱ። ማክሰኞ ትኩስ ዳቦ በብብቱ ይዞ ሄደ። ሮብ ፈረቃውን አቀያየረ። ቅዳሜ እጮኛውን አስከትሎ እየሄደ የቤቱን የተበላሸ መብራት ሁሉ ጠገነው። ጋሽ ሰኞና ጋሽ ሐሙስ ዳማ ጀመሩ፤ ጋሽ ሰኞ ሲሸነፉ ሳምንት መታገስ አቅቷቸው በዓርብ ቀን ይመጡ ጀመር። ዓርብ ሱቃችን ድረስ መጥቶ «ቀኔን ቀሙኝ» ብሎ ከሰሳቸው።

እኔ የመጀመሪያውን እሁድ እያጉረመረምኩ ሱሪውን ይዤ ሄድኩ። በሩን ስከፍት ከአልጋቸው ላይ ሆነው «እሁድ መጣሽ?» አሉኝ።

ከወላጆቼ በቀር ስም ያወጣልኝ ሰው አልነበረም። ደስ አለኝ፣ ምን ልደብቅ! ሱሪውን ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ጫፉን አዩት፣ በጥፍራቸው ሳብ አደረጉት። «ይይዛል» አሉ። ከሳቸው አፍ ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

እሁድ እሁድ ክንዴን ይዘው ከአልጋው እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ አልጋው ይራመዳሉ። ሲደክማቸው ይቀመጡና እሳቸው የተገነጠለ መጽሐፍ ይሰፋሉ፣ እኔ ልብስ እሰፋለሁ፣ እንጨቃጨቃለን። አንድ እሁድ ስማቸውን ጠየቅኳቸውና ነገሩኝ። ደስ የሚል ስም ነው፤ አንድ ሁለቴ ሞከርኩት፣ አፌ እምቢ አለ። «ተዪው፣ እሱ ለጡረታ መቀበያ ነው» አሉኝ።

ሰው መቼም ይድናል። አንድ ዓርብ ሐኪሙ አያቸውና «ከእንግዲህ በምርኩዝዎ ብቻዎን መራመድ ይችላሉ፤ ሰው አያስፈልግዎትም» አላቸው። ወሬው ቅዳሜ ደረሰን። ተመስገን አልኩ፣ ከልቤ ነው ያልኩት። እሁድ ጠዋት ስነሳ ግን እጄን የማሳርፍበት አጣሁ።

«ምነው አትሄጂም?» አለ ባሌ።

«ምን ልሠራ? ድነዋል እኮ። ማን ይፈልገኛል?» አልኩትና ፎጣውን ከእጁ ነጥቄ ዘፈዘፍኩ። ሲነጫነጭ የዋለ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ ነበርኩ።

ከቀትር በኋላ የሱቁ በር ተንኳኳ። «ዝግ ነው!» አልኩ ከጓዳ ሆኜ። ማንኳኳቱ አልቆመም። እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ በንዴት ሄጄ ከፈትኩት። ግራጫ ባርኔጣ፣ ምርኩዝ፣ ያ ሱሪ። ጋሽ ሐሙስ በላብ ተጠምቀዋል፤ ብቻቸውን፣ በአውቶቡስ፣ በዚያ እግራቸው መጥተው።

«ምነው አባባ! ምን ሆኑ? ዛሬ ሐሙስ አይደለም እኮ!»

«አውቃለሁ» አሉ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ፣ አንድ ነገሬ እንዳልጎደለ ሊያረጋግጡ። «እሁድ ቀረች። ምን አግኝቷት ይሆን ብዬ ልፈልጋት መጣሁ።»

ፊቴን አዙሬ በእርጥብ እጄ ዓይኔን ጠረግሁና ወደ ጓዳ «አንተ ሰውዬ፣ ወንበር አምጣ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። ባሌ እየሮጠ አመጣ። ጋሽ ሐሙስ መሐረባቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ ወንበሩን ደህና አድርገው አራገፉትና ተቀመጡ።